8 ወር፣ 14 ቀዳዳ፦ የማውንቴን ሳይክሌ ጎማ ነገር

ቅዳሜ ዕለት ጎማዬ ለ14ኛ ጊዜ ተበሳ። ቆጥሬያለሁ። የሰፈራችን ጎሚስታ ልጅም ሳይቆጥር አይቀርም፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ጋሼ፣ የኋላው ነው የፊቱ?» ይለኛል። ሰላምታ መሆኑ ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፣ አልደብቅም። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሳይክሌ ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ናት፣ አሮጌ ግን ጤነኛ። በሥራ ቀን ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ፣ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ ትንሽ ኮብልስቶን አለው። ቅዳሜና እሑድ ወደ ታቦር ወይም ወደ አላሙራ ተራራ እወጣለሁ። የድሮዎቹ ጎማዎች ሊሾ ሆነው፣ ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ክሩ መታየት ስለጀመረ ጥቅምት ላይ ሁለቱንም ቀየርኩ። አንዱን በ1,800 ብር። አሁን ሰኔ ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ 26 በ1 3/8 የተጻፈበት ጎማ አውጥቶ «26 ነው፣ ይገባል» ብሎኝ ነበር። አይገባም። ጎማ ልትገዙ ስትሄዱ የድሮውን ጎማ ጎኑን አገላብጣችሁ ትንሹን ቁጥር እዩ። የማውንቴኑ 26 መጨረሻው 559 ነው፤ የዚያ ግን 590 ነው። ይህ ቁጥር ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው፣ በሚሊ ሜትር። የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት በጉልበት አይሞላም፤ ቸርኬው ላይ ይዋልላል እንጂ አይቀመጥም። ይህን ስለማውቅ ያን ቀን ራሴን ጎበዝ አድርጌ ቆጥሬ ነበር። እና ጎበዙ ሰውዬ ቀጥዬ ሌላ ሱቅ ገብቼ ተሸወድኩ።

ሁለተኛው ሻጭ 54-559 የሚል ጎማ አወረደልኝ፣ ማለትም 26 በ2.1 ኢንች፤ 54ቱ የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ልኩ ትክክል ነው። ጥርሱ ግን የትራክተር ነው የሚመስለው። «ወንድሜ፣ ማውንቴን ከሆነ ይሄ ነው» አለኝ። እሾህስ አልኩት። ሳቀ። «ምን እሾህ ይገባዋል? እስቲ ጥርሱን ንካው!» ነካሁት። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ድንጋይ ነው። ገዛሁ።

መጫን የነበረብኝ ጥርሱን ሳይሆን በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን ቦታ ነበር። የ8 ወር ልምዴ ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ኩርንችት የሚባለውን እሾህ የማያውቅ ካለ፣ በልጅነቱ በባዶ እግሩ ኳስ ያልተጫወተ ሰው መሆን አለበት። በክረምት መሬት ላይ ተነጥፎ ቢጫ አበባ የሚያወጣ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ነገር ነው። በጋ ሲገባ ፍሬው ይደርቅና 5 ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቀንድ አለው፣ እንዴትም አድርጎ ቢወድቅ አንዱ ቀንድ ወደ ላይ ይቆማል። ተፈጥሮ ለሳይክል ነጂ ብላ የሠራችው ነው የሚመስለው። ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው አሸዋማ መሬት ደግሞ ቤቱ ነው፤ ባጃጅ ገፍቶህ አንዴ ከመንገድ ከወጣህ ይዘኸው ትገባለህ።

አሁን አስቡት። ጥርሱ ረጅምና ወፍራም ነው፣ እሺ። ግን ጥርሶቹ ተራርቀው ነው የተተከሉት። በመካከላቸው ያለው ጎማ ስስ ነው፣ ሲጨብጡት እጥፍ ይላል። ኩርንችቱ ጥርሱ ላይ ካረፈ ምንም አይሆንም፣ መካከሉ ላይ ካረፈ ግን በቀጥታ ወደ ውስጥ ጎማው ነው የሚሄደው። ይህን ከራሴ ያመጣሁት አይደለም፤ ጎሚስታው ልጅ ነው እሾሁን በነቀለ ቁጥር የነቀለበትን ቦታ በጣቱ የሚያሳየኝ። ከ14ቱ 11ዱ መካከሉ ላይ ነው የተገኙት። ሊሾ የሆኑት የድሮ ጎማዎቼ፣ ያ ሁሉ ስድብ የወረደባቸው፣ መሀላቸው ላይ ሳይቋረጥ የሚዞር ወፍራም መስመር ነበራቸው። በዓመት ሁለት ሦስቴ ቢበሱ ነው።

ሻጩ አሁን እዚህ ቢኖር ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ወንድሜ፣ አየር አንሶበት ይሆናል።» አላነሰበትም። ጎኑ ላይ የአየር ግፊቱ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ ይላል፣ እኔ አስፋልት ላይ 55 አካባቢ ነው የምነዳው፣ መለኪያ ያለው መንፊያም ቤቴ አለ። «እንግዲያው መንገዱ ነው።» መንገዱማ እሾህ እንዳለው ነግሬህ አይደል የጠየቅሁህ? «ማውንቴን ስላልክ ነው።» እዚህ ላይ አፌን ያስይዘኛል፣ እውነቱን ለመናገር። ማውንቴን ያልኩት እኔ ነኝ። በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ቢሮ እየተመላለስኩ፣ 15 ኪሎ ሜትር ተራራ ስለምወጣ ራሴን የተራራ ሰው አድርጌ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ድምፁስ? መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ ባጃጅ የመጣ እየመሰለኝ እየዞርኩ አይ ነበር። ዝዝዝዝ ይላል አስፋልት ላይ። ለካ እኔው ነኝ። ያ ድምፅ ጉልበትህ ሲባክን የሚሰማ ነው፤ ድሮ ሳልለፋ የምወጣትን የቢሮዬን ዳገት አሁን ማርሽ አውርጄ ነው የምወጣት። የኋላው የመሀል ጥርስ ደግሞ በ8 ወር ግማሹ አልቋል። አስፋልት ላይ የሚያልቅ ጥርስ፣ ጭቃ ለመንከስ የተገዛ።

አንድ ቀን ግን፣ ግንቦት ላይ፣ ከአላሙራ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። መንገዱ ሳሙና ሆነ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ እኔ የፊት ጎማዬ መሬቱን ነክሶ እንደያዘ ቀስ ብዬ ታች ደረስኩ። የዚያን ቀን ማታ ብትጠይቁኝ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ይሆን ነበር፣ ሻጩንም መርቄ ነበር የምጨርሰው። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ልሄድ ስወጣ የፊቱ ተንፍሶ አገኘሁት።

መላ ያመጣው ጎሚስታው ነው። ሚያዝያ ላይ አሮጌ የውስጥ ጎማ በቁመቱ ሰንጥቆ፣ በጎማውና በውስጥ ጎማው መካከል አለበሰልኝ። ለኋላው ብቻ፣ ለሙከራ ብለን። ትንሽ ይከብዳል፣ አልዋሽም፣ ግን ከዚያ ወዲህ የኋላው አንድም ጊዜ አልተበሳም። የቅዳሜውም የፊቱ ነው። በ1,800 ብር ያልተገዛውን 100 ብር ሠራው ማለት ነው።

የፊቱን አልጥለውም፣ የአላሙራው ውለታ አለብኝ። ለኋላው ግን ይሄ ሲያልቅ ጠበብ ያለ 1.95 ነው የምገዛው፤ መሀሉ ላይ ያልተቋረጠ መስመር ያለው፣ ጥርሱ ወደ ጎን ብቻ የሆነ። ሱቅ ገብቼም ጥርስ አልነካም። ሻጩ የፈለገውን ያህል ይሳቅ፣ አውራ ጣቴን መካከሉ ላይ ነው የማሳርፈው።

ቅዳሜ ቀዳዳውን ሲለጥፍልኝ «ለፊቱም የምታለብሰው አሮጌ ነገር አለህ?» አልኩት። «ሞልቷል ጋሼ» ብሎ ከጀርባው ካለው ክምር አንድ አወጣ። ሰባት ቦታ ተለጥፏል። የራሴው ነው።