በብራም ፊሸር ሕይወት ላይ ያተኮረ የግማሽ ቀን ጉብኝት፦ ከሪቮኒያ እስከ ፕሪቶሪያ

በጆሃንስበርግ አቅራቢያ ከሚገኘው ሪቮኒያ ተነሥቶ ፕሪቶሪያ ላይ የሚያበቃው ይህ ጉብኝት ከመሰሎቹ የሚለየው ከኔልሰን ማንዴላ ይልቅ በጠበቃቸው በብራም ፊሸር ላይ በማተኮሩ ነው። አስጎብኚያችን ከቤተሰባቸው መጀመሩ ተገቢ ነበር። አያታቸው የኦሬንጅ ሪቨር ኮሎኒ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ አባታቸው የኦሬንጅ ፍሪ ስቴት ከፍተኛ ዳኛ የነበሩ፣ ራሳቸውም ኦክስፎርድ የተማሩ አፍሪካነር (በዋናነት የደች ዝርያ ያለው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊ) ወደ ኮሚኒስት ፓርቲ መግባታቸው ምን ያህል እንዳስከፈላቸው የሚገባን ከዚህ ስንነሣ ነው።

ጉብኝቱ የሚደምቀው ሪቮኒያ በሚገኘው ሊሊስሊፍ እርሻ ላይ ነው። ፖሊስ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1963 የፀረ አፓርታይድ ትግሉን መሪዎች የያዘበት ይህ ግቢ ፊሸርም ይመላለሱበት የነበረ በመሆኑ፣ በመሪዎቹ ላይ በተመሠረተው የሪቮኒያ ክስ የተከላካይ ጠበቆቹን ቡድን ለመምራት ማመንታታቸውና ሊለዩዋቸው የሚችሉ ምስክሮች ሲቀርቡ ከችሎት መራቃቸው እዚያው ቆሞ ሲሰማ ይበልጥ ይጨበጣል፤ ጠበቃው ከተከሳሾቹ ሣጥን የራቁት በጥቂቱ ነበርና። ፕሪቶሪያ የሚገኘውን፣ ስምንት ተከሳሾች ከስቅላት ተርፈው እ.ኤ.አ. በ1964 ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸውን የችሎት ሕንፃ ግን ከውጭ አይተን አለፍን።

ቅር ያሰኘኝ ከሕግ አንጻር እጅግ አከራካሪ የሆነው ክፍል በችኮላ መታለፉ ነው። ፊሸር በዚያው በ1964 በኮሚኒስት ፓርቲ አባልነታቸው ተይዘው ተከሰው ሳለ ለንደን በሚገኘው ፕሪቪ ካውንስል (የብሪታንያ የይግባኝ ችሎት) በአንድ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ጉዳይ እንዲከራከሩ በዋስ ተለቀው ሄዱ፤ እዚያው መቅረት እየቻሉም በቃላቸው መሠረት ተመለሱ። በጃንዋሪ 1965 ግን ክሳቸው ሳያልቅ ለችሎቱ የሚነበብ ደብዳቤ ትተው ኅቡዕ ገቡ። ቃሉን አክብሮ ባሕር ተሻግሮ የተመለሰ ሰው ዋስትናውን ጥሎ መሰወሩን እንዴት እናስታርቀው? አስጎብኚያችን ይህን ሳያነሣ ወደ መያዛቸውና ወደ ዕድሜ ልክ ፍርዳቸው ተሻገረ። የጆሃንስበርግ ጠበቆች ማኅበር በ1965 ከጠበቆች መዝገብ እንዲሰረዙ ማድረጉን፣ ስማቸውም ወደ መዝገቡ የተመለሰው በ1975 በካንሰር ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2003፣ መሆኑን የነገረን ስንጠይቀው ብቻ ነው። ሲጠየቅ ግን አጥጋቢ መልስ ሰጥቷል።

የደቡብ አፍሪካን ታሪክ በጥቂቱ ለሚያውቅና በተለይ ለሕግ ተማሪ ጉብኝቱ ይጠቅማል። ለጀማሪ ግን ስሞቹ ይበዙበታል። ቦታ ስትይዙ የመሰወሩና የመሰረዙ ታሪክ በሰፊው እንዲነገራችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።