ፒችትሪ በየደንበኛው እየዞረ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው

ጅማ ውስጥ የነጋዴዎችን ሒሳብ በኮንትራት ነው የምይዘው። ፋርማሲ አለ፣ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቡና ነጋዴዎች አሉ። ሁሉንም የምሠራው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። ስሙ ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል፤ እኛ ጋ ግን ያው ፒችትሪ ነው፣ የምጠቀመውም የ2010 ቨርዥን ነው። ይሄ ያረጀ ሶፍትዌር ለፍሪላንስ ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፦ አዎ፣ በደንብ ያዋጣል። ግን ሲከፈት በትክክል ከተከፈተ ብቻ።

ዋናው ጣጣ ወሩ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ይህም በፈረንጅ ጁላይ 8 ነው። ፒችትሪ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ካምፓኒ ስትከፍቱ የሚያቀርብላችሁን 12 ወር ዝም ብላችሁ ከተቀበላችሁ የሐምሌና የነሐሴ ሽያጭ አንድ ላይ ይደባለቅና ቫት ስታሳውቁ ትቸገራላችሁ። ከካሌንደሩ ወር ጋር የማይገጥመውን አማራጭ ምረጡና ቀኖቹን ራሳችሁ ሙሉ። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው፣ ከዚያ ነሐሴ ይቀጥላል። እስከ 13 ፒሪየድ (የሒሳብ ወቅት) ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ለጳጉሜም ቦታ አለ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ይህን ላስተካክል ማለት ራስ ምታት ነው።

15 በመቶውን ቫት ሽያጭ ላይ ራሱ ያሰላል። ግዢ ላይ አያሰላም፤ የተሠራው ለአሜሪካ የሽያጭ ታክስ ነዋ። የግዢውን ቫት በራሱ መስመር ለይታችሁ አስገቡ። ደመወዝን ደግሞ እዚያ ውስጥ ባትሞክሩት ይሻላል። የሥራ ግብሩን፣ የጡረታውን 7 እና 11 በመቶ በኤክሴል ጨርሳችሁ በጀነራል ጆርናል (በጠቅላላ መዝገቡ) መዝግቡት።

ስቶኩን ግን እወደዋለሁ፣ በተለይ ለቡና። አንድ ደንበኛዬ፣ ሐጂ፣ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ገዝተው ሲያስፈለፍሉ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። እኔ ኢንቬንተሪ አድጀስትመንት (የስቶክ ማስተካከያው) ላይ ጀንፈሉን እቀንስና የተፈለፈለውን ቡና ከነዋጋው እጨምራለሁ። የአንዱ ኪሎ ዋጋ እጥፍ ገደማ ሆኖ ሲመጣ ነው ነጋዴው ትርፉን በትክክል የሚያየው። ባለፈው ሪፖርቱን ሳሳያቸው «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ፈረሱላ ነው» አሉኝ። «ሐጂ፣ ኪሎውን ለ17 ያካፍሉት» አልኳቸው። በካልኩሌተራቸው አካፈሉ፣ መጋዘን ካለው ጆንያ ጋር አስተያዩት፣ ገጠመ። አሁን ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት ይደውሉልኛል።

የየደንበኛው ፋይል ለየብቻው መሆኑም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንዱ ሒሳብ ከሌላው ጋር አይነካካም። ባክአፑን በየሳምንቱ አውጡ፣ አንዱን ኮፒ ባለቤቱ ጋ አስቀምጡ። መብራት ድንገት ስለሚሄድ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ አትሥሩ። ኮንትራት ሲያልቅ ፋይሉንም ፓስወርዱንም አስረክቡ፤ ፋይል ይዞ ገንዘብ መደራደር ነውር ነው። አዲስ ቨርዥን ለመጫን ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ኦዲተሩ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ፣ በአዲሱ የተሠራ ፋይል በአሮጌው አይከፈትምና።