የባሕር ፈረስ «ሙሉ ጥቅል» ለመግዛት ለምታስቡ የድሬዳዋ ነዋሪዎች

በድሬዳዋ ገበያ ሰሞኑን ጥንድ የባሕር ፈረስ (ራሱ የፈረስ የሚመስል ትንሽ የባሕር ዓሣ)፣ ትንሽ የመስታወት ገንዳ፣ አንድ ከረጢት ጨውና አንድ ጣሳ ደረቅ ምግብ በአንድነት «ሙሉ ጥቅል» እየተባሉ ይሸጣሉ። ሻጩ የሦስት ቀን ዋስትና እንደሚሰጥና እንክብካቤው ከተራ ዓሣ እንደማይለይ ለገዢው ሁሉ ይናገራል። ጎረቤቴ ገዝተው ሁለቱም በሁለተኛው ሳምንት ሞቱባቸው፤ ገንዘባቸውን ሲጠይቁም «ዋስትናው አልፏል» የሚል መልስ ብቻ አገኙ።

ማታለያው ያለው እዚያው ዋስትናው ላይ ነው። የባሕር ፈረስ ጨጓራም ጥርስም የለውም፤ የዋጠው ምግብ በአንጀቱ ፈጥኖ ስለሚያልፍ በቀን ደጋግሞ መብላት አለበት፤ የሚያድነውም ፊቱ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታትን ነው። በተለይ ከባሕር የተጠመደው ደረቅ ምግብ ቢበተንለት አብዛኛውን ጊዜ ዞር ብሎም አያየውም። ሆኖም በረሃብ ወዲያው አይሞትም፤ ጅራቱን አንድ ነገር ላይ ጠምጥሞ ያለ እንቅስቃሴ መቆየት ተፈጥሮው ስለሆነ፣ ልምድ የሌለው ሰው የተራበውን ከጠገበው ሊለየው አይችልም። የሦስት ቀኑ ዋስትና እንግዲህ ረሃቡ ሳይታወቅ ያበቃል፤ ይህ ቁጥር በአጋጣሚ ተመረጠ ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ሙቀቱም የዚያኑ ያህል ከባድ ጉዳይ ነው። በቤት የሚረቡት የተለመዱ ዝርያዎች ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ ሲኖሩ ይስማማቸዋል፤ ውኃው ከዚያ አልፎ ሲሞቅ ቪብሪዮ የተባሉት ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፣ እንስሳውም ይታመማል። የድሬዳዋ አየር በግንቦትና በሰኔ ከ30 ዲግሪ በላይ እንደሚደርስ ለእኛ የሚነገረን አይደለም፤ ውኃ ማቀዝቀዣ ግን በጥቅሉ ውስጥ የለም፣ ቢኖርም መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል። ሐረር በከፍታዋ ትሻላለች፤ ሻጩ ግን ለሁለቱም ከተማ ሰው የሚያወራው አንድ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደግሞ የገበታ ጨው ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ሲኖረው፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም ጭምር ስላለበት ለአኳሪየም (ለዓሣ ማኖሪያ ገንዳ) ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ያስፈልጋል። አዲስ ገንዳም የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች እስኪበዙበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ገንዳውና እንስሳው በአንድ ቀን ይረከባሉ።

የባሕር ፈረስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለዋለና ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ስለሆነች፣ «ከጅቡቲ አስመጣሁት» የሚል ሻጭ የፈቃድ ወረቀቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

መግዛት ግድ ከሆነባችሁ፣ እንስሳው እዚያው ፊታችሁ ሲበላ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከባሕር የተጠመደ ይሁን በእርባታ የተገኘ፣ ዋስትናውም እስከ መቼ እንደሆነ በደረሰኙ ላይ ያስፍርላችሁ። ይህን ለመጻፍ ካንገራገረ ገንዘባችሁን አታውጡ።