ቸርችል ጎዳና ላይ የገዛሁት የውጅግራ ሳንጃ

ቸርችል ጎዳናን ከፖስታ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትወጡ የባህል ዕቃ ሱቆች አሉ። መስቀል፣ ጋሻ፣ የብር ሐብል፣ አሮጌ ጀበና። ከእነሱ በአንዱ ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሜ አንድ ሳንጃ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። የማመሰግንበትም የምወቅስበትም ነገር አለኝ።

እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ኖሬአለሁ። አያቴ መንዝ ውስጥ ውጅግራ ነበራቸው። ጠመንጃው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ሳንጃው ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ሁለቱም የት እንደደረሱ የሚነግረኝ ሰው ዛሬ የለም። ጠመንጃውን አልመኝም። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ነው፤ አሮጌ ነው ተብሎ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ሳንጃውን ግን ስፈልገው ኖሬአለሁ።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ። ሁለት ሳንጃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም የውጅግራ ናቸው። ሁለቱም ዓድዋ የዋሉ ናቸው» አለኝ።

አንደኛው ውጅግራ አይደለም። እጀታው ከላይ እስከ ታች ናስ ነው፤ ስለቱ እንደ እባብ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል። ይህ ከውጅግራ በፊት የነበረው የሻስፖ ጠመንጃ ሳንጃ ነው፤ በፈረንጆቹ የ1866 ሞዴል። የውጅግራው 1874 ነው። ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ በ11 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ አንድ አንድ እየጎረሰ የሚተኩስ። ሳንጃው ቀጥ ያለ ነው። ጀርባው ሰፊ፣ ሆዱ ቀጭን ነው፤ ከጫፉ በኩል ስታዩት የፈረንጆቹን ቲ ፊደል ይመስላል። እጀታው እንጨት ነው፣ ናሱ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው አልተከራከረኝም። ሻስፖውን ወደ ቦታው መለሰ። ይህን ወደድኩለት።

ሁለተኛውን አነሳሁ። ከቤት ስወጣ ማጉያ መነጽር፣ ሜትርና ትንሽ ማግኔት ይዣለሁ። ማግኔቱን የናሱ ጫፍ ላይ አስጠጋሁት፤ አልያዘም። ናስ የተቀባ ብረት ቢሆን ኖሮ ይይዝ ነበር። ስለቱ 52 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ልኩ ነው፤ ጫፉ ተሰብሮ እንደገና አልተሞረደም ማለት ነው።

ከዚያ ጀርባውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ለእኔ ዋናው ነገር እዚያ ነው። ፈረንሳዮቹ የፋብሪካውን ስም፣ ወሩንና ዓመቱን በሰፊው ጀርባ ላይ በእጅ ጽሑፍ ቅርጽ ይጽፉ ነበር። አቧራውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁና በማጉያው ተከተልኩት፦ ሴንት ኤትየን፣ አቭሪል 1878። የፊደሎቹ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው። አንዱ መስመር ይቀጥናል፣ ቀጣዩ ይወፍራል፤ ጥልቀቱ ውስጥ ጥቁር የቆየ እድፍ ተኝቷል። በአሲድ የተበላ ጽሑፍ እንዲህ አይደለም። ጠርዙ ይዋዥቃል፣ ወለሉም ሸካራ ይሆናል። ይህን ያወቅሁት በገንዘቤ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ «የጥንት ጎራዴ» ብዬ የገዛሁት በአሲድ የዛገ አዲስ ብረት ነበር። ዝገቱ ብርቱካናማ፣ በሁሉም ቦታ እኩል፣ በጣት ሲነካ የሚራገፍ። የእውነተኛ አሮጌ ብረት ዝገት ወደ ቡኒና ጥቁር ያደላል፤ እዚህ ወፍሮ እዚያ ይሳሳል፤ እጅ በሚይዘው በኩል ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

እንጨቱም ደግ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የነካው እጀታ ወዲያው ያስታውቃል። እንጨቱ ከናሱ ዝቅ ይላል፣ ሪቬቶቹም ጎልተው ይቀራሉ። እዚህ ግን እንጨት፣ ሪቬትና ናስ አንድ ላይ አልቀዋል። ጣት ሲያልፍባቸው ድንበራቸው አይታወቅም። ቫርኒሽ የሚባል ነገር አልነካውም። ስለቱንም ማንም አልሳለውም። ይህ ሳንጃ ለመውጋት እንጂ ለመቁረጥ አልተሠራም፤ የተሳለ ካገኛችሁ ዋጋውን ቀንሱ።

ጉድለቱ አፎቱ ላይ ነው። ሳንጃው መስቀለኛ ብረት ላይ ቁጥር አለው፤ አፎቱም አፉ አጠገብ አለው። ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው፤ አይደሉም። አፎቱም የውጅግራ ነው፤ ግን የሌላ ሳንጃ። ከጠመንጃው ሳንጃውን የሚነቅለው ቁልፍም ደርቋል፤ ሞላው አይንቀሳቀስም።

የጠየቀኝ 20,000 ብር ነው። ለምን ይህን ያህል እንደሆነ ስጠይቀው መልሱ ዓድዋ ነው።

«ወንድሜ፣ ይህ የተሠራው በፈረንጆቹ 1878 ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በእነሱ 1896። ያኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ዕቃ ነበር። ሊውል ይችላል። ግን ማን ነው ይዞት የዋለው? ስም አለ? ፎቶ አለ? የቤተሰቡ ወረቀት አለ?»

«ያመጡት ሰውዬ ነግረውኝ ነው ጋሼ።»

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ልጁ አልዋሸም፤ የሰማውን ነው ያወራው። ሱቁ ግን ከሰውዬው ስም፣ አገር፣ ማን እንዳወረሳቸው፣ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም። ውጅግራ ለፈረንሳይ ጦር በገፍ የተሠራ ጠመንጃ ነው፤ ሳንጃውም በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም። እኛ አገር የሚያከብረው በማን እጅ እንደዋለ ማወቃችን ነው። አባት አገር ጠብቀውበት፣ ልጅ አስቀምጦት፣ የልጅ ልጅ ቸግሮት ሲሸጠው ያ ሁሉ ታሪክ ሱቁ በር ላይ ይቀራል። በጣም ያሳዝነኛል። እስክሪብቶና ደብተር ነበር የሚያስፈልገው።

ለብረቱ፣ ለእንጨቱና ለጽሑፉ ከፈልኩ፤ ለዓድዋው አልከፈልኩም። ለአፎቱና ለቁልፉ አስቀንሼ በ11,500 ተስማማን። ሻይ አዘዘልኝ። እንዳሻኝ እንዳይ፣ በር ላይ ይዤው ወጥቼ በፀሐይ ብርሃን እንድመረምር ፈቀደልኝ። ከብዙ ሱቅ ይህን አላገኘሁም። ደረሰኙ ላይ ግን «የባህል ዕቃ» ብሎ ጻፈ። አይሆንም አልኩት። «የውጅግራ ሳንጃ» የሚለውንና ሁለቱን ቁጥሮች አስገባሁት። እናንተም አስጽፉ። ለውጭ አገር ዘመድ ስጦታ የምታስቡ ደግሞ አስቀድማችሁ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ፤ ያለ ፈቃድ አሮጌ ዕቃ ከአገር አይወጣም።

ቤት ሳደርሰው ባለቤቴ ነጭ ጨርቅ ሰጠችኝ። ብረቱን አላሸሁትም፣ ሎሚም አመድም አላስነካሁትም። ቁልፉ ላይ ብቻ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግሁና ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ ማታ ቁልፉን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ጠቅ ብሎ ገባ።