ባለ 5 ቶን ተሳቢዬ፦ ከ14 ወር ጭነት በኋላ

ባለ 80 የፈረስ ጉልበት ትራክተሬ ላይ ይህን ተሳቢ የጨመርኩት አምና ጥቅምት ነው። የሁለት ዓመት በቆሎ ከወምበርማ ወደ ቡሬ አመላልሼበታለሁ። ሻጩ "50 ኩንታል ያለ ሐሳብ ይጭናል" ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ይጭናል። የራሱ ፍሬን እንደሌለው ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አምና ታኅሣሥ 48 ኩንታል ጭኜ አንድ የወንዝ ቁልቁለት ጀመርኩ። ማርሹ ከፍ ያለ ነበር። ፍሬን ስረግጥ የኋላ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተቱ፤ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ትራክተሩን ወደ ጎን ያጥፈው ጀመር። ረዳቴ "ጋሼ፣ ፍሬኑን ይልቀቁት!" ብሎ ጮኸ። ስለቀው ጎማው ዞረ፣ መሪውም ታዘዘልኝ፤ ዳገታማ የታጨደ ማሳ ውስጥ ገብቼ ቆምኩ። 3 ቶን የማይሞላ ትራክተር ተሳቢው ከነጭነቱ ከ6 ቶን በላይ ሲሆን በቁልቁለት ሊይዝ አይችልም። ያን ቀን እጄ እስኪመሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሳምንቱ ጋራዥ ወስጄ ለተሳቢው በዘይት የሚሠራ ፍሬን አስገጠምኩለት። ቁልቁለት ባለበት መንገድ አሁንም ከ35 ኩንታል አላልፍም። ዳገቱን በምወጣበት ማርሽ ነው የምወርደው፤ ማርሹን የማስገባው አናቱ ላይ ሳለሁ ነው፣ መሃል ላይ አልነካውም። በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳይገባ፣ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ እባካችሁ አትስሟቸው። ፍሪሲዮን ረግጦ መውረድም ያው አደጋ ነው፤ በሁለቱም ሞተሩ ትራክተሩን አይይዘውም። አስፋልት ከመውጣቴ በፊት የግራና የቀኙን ፍሬን ፔዳል አቆላልፋለሁ፤ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ይዞራል።

የሚጎትቱትን ሁሉ ከታች ካለው መሳቢያ ላይ እሰሩ። ጎረቤቴ ጭቃ የያዘው መኪና ሊያወጣ ሰንሰለቱን ከላይ አሰረና የትራክተሩ የፊት ጎማ ከመሬት ተነሣ። ቶሎ ነዳጁን ባይቀንስ ኖሮ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ በላዩ ይወድቅ ነበር።

የተሳቢዬ ሻንሲ እስካሁን ስንጥቅ የለውም፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ኩሽኔታው ግራሶ ይፈልጋል። የማያያዣው ፒን ግን በ8 ወር መሃሉ ተበልቶ እንደ አሮጌ ማጭድ ቀጥኖ አገኘሁት። ለወጥኩት፤ መጠባበቂያ ሰንሰለትም ጨመርኩ።

በገበያ ቀን እናቶች "ልጄ፣ ጆንያው ላይ ጫነን" ይሉኛል። ልቤ እያዘነ እምቢ እላለሁ።