ሰሜን ተራሮች፦ ከጎንደር ፓኬጅ ልግዛ ወይስ ደባርቅ ሄጄ ልዋዋል?

መስከረም ሲጠባ ጎንደር የሚኖር ሰው ስልኩ አያርፍም። ከአዲስ አበባም ከአዳማም የሚደውል ጓደኛ ጥያቄው አንድ ነው። ሰሜን ተራሮችን ለማየት ከጎንደር «ሁሉን ያካተተ» ፓኬጅ ይሻላል ወይስ ደባርቅ ድረስ ሄዶ ራስ መዋዋል? እኔ ደባርቅ እላለሁ። በተለይ ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ የምታድሩ ከሆነ።

ከብሩ እንጀምር። ከጎንደር በሚሸጠው ፓኬጅ ትልቁ ወጪ መኪናው ነው። አራት ቀን ከሄዳችሁ የአራት ቀን ኪራይ ይታሰብባችኋል። እናንተ ግን በፓርኩ ካምፖች መካከል፣ ከሳንካበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ የምትሄዱት በእግራችሁ ነው። ያን ጊዜ ሁሉ መኪናው ቆሟል። የቆመበት ይከፈላል፤ የሹፌሩ አበልም ይከፈላል። ኪራዩ በቀን 10,000 ብር ነው እንበል። ለአራት ቀን 40,000 ብር ይሆናል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ገና የፓርኩን በር ሳታዩ በነፍስ ወከፍ 20,000 ብር ወጣ ማለት ነው።

በሌላኛው መንገድ ጠዋት በማለዳ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ትይዛላችሁ። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት የሚያልፍ አስፋልት። መኪና የምትኮናተሩት ከደባርቅ ወደ ካምፕ ለመግባትና ለመውጣት ብቻ ነው። ለመግቢያና ለመውጫ የሁለት ሙሉ ቀን ኪራይ ቢያስከፍሏችሁ እንኳ ግማሹ ኪሳችሁ ውስጥ ቀረ።

መታወቂያ እንዳትረሱ። የፓርኩ መግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ቀላል አይደለም። አንዳንድ ፓኬጅ ግን በፈረንጅ ዋጋ ተሰልቶ ለአገር ሰው ሳይቀነስ ይሸጣል። ስለዚህ ፓኬጅ ለመግዛት ከወሰናችሁም መግቢያ፣ የካምፕ፣ ስካውት (አጅቧችሁ የሚሄድ ጠባቂ)፣ አስጎብኚ፣ በቅሎ፣ ምግብ እያለ የሚዘረዝር ወረቀት ጠይቁ። ዝርዝር አልሰጥም ያለ ሰው ላይ ጊዜ አታጥፉ።

የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር «ሁሉን ያካተተ» ተብሎ ከፍሎ ነበር የሄደው። ደባርቅ ሲደርሱ በቅሎውና የበቅሎ ጫኙ አልተካተተም ተባለ። ድንኳኑ ዚፑ አይዘጋም። ስሊፒንግ ባጉ ከመታጠብ ብዛት ሙሌቱ አንድ ጥግ ተከማችቷል። ሌሊቱን ቁጭ ብለው አነጉት። ይህ የሚያናድደኝ ብሩ ስለሄደ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ያን አገር በብርዱ ብቻ እንዲያስታውሱት ተደረገ።

ደባርቅ ላይ ቢሆን ዕቃውን አይታችሁ ትከራያላችሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። መግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፤ ስካውት ይመደብላችኋል። ስካውት ግዴታ ነው። ለእኛ ደግሞ ትልቅ ዕድል አለ። ፈረንጁ ከስካውቱ ጋር በምልክት ሲግባባ እኛ በአማርኛ እናወጋለን። ዋልያ የት እንደሚውል፣ ጭላዳው በስንት ሰዓት ከገደሉ እንደሚወጣ ከእሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ደረሰኙን አጥብቃችሁ ያዙ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ገብቶ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የምንከፍለው ብር ለፓርኩ መድረሱ ግድ ሊለን ይገባል።

ድንኳን ስትከራዩ ግቢው ውስጥ አስተክሉት። ዚፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ጥርሱ እየተላቀቀ ካስቸገረ የዚፑን ራስ በፒንሳ ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጥርሱ የረገፈ ከሆነ ግን መልሱት። ስሊፒንግ ባጉን ወደ ብርሃን ዘርጉትና እዩ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ብርድም ያሳልፋል። እኔ ጋቢ ሳልይዝ አልወጣም። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋበት ጊዜ አለ።

ጃኬት የምትገዙ ከሆነ ከጎንደር ግዙ፤ አዲሱን ግን ተዉት። የታወቀ ብራንድ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ጃኬት ውሃ አያስገባም ይሏችኋል፤ የመጀመሪያው ካፊያ ሲመታው ይጠጣል። ቅዳሜ ገበያ ሰልባጅ ብትፈልጉ ባነሰ ዋጋ እውነተኛውን ታገኛላችሁ። የውስጥ ስፌቱ በፕላስቲክ ጥብጣብ የታሸገ መሆኑን እዩ። ጫማም እንዲሁ ነው። የፎርጅዱ ሶል በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ ነው፤ ጠጠርና ጭቃ ሲያገኘው አፉን ይከፍታል። ያላችሁን ጫማ ከመነሳታችሁ በፊት ለጫማ ሰፊ ስጡና ሶሉን ዙሪያውን አሰፉት። የሚያስከፍላችሁ ከአዲስ ጫማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ደባርቅ ማደር ለጤናም ይበጃል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ደባርቅ 2,800 አካባቢ ነው። ከጎንደር ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ የሚያድር ሰው 1,500 ሜትር ዘለለ ማለት ነው። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደባርቅ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሳንካበር አንድ ሌሊት ያደረ ሰው እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ገደሉን በሰላም ያያል።

ፓኬጁ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ወይም እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ ከጎንደር መኪና ያዙ። ጭላዳ ለማየት ቡይት ራስና ሳንካበር አካባቢ በቂ ነው። አምስት ስድስት ሰው ከሆናችሁም የመኪናው ዋጋ ስለሚከፋፈል ልዩነቱ ይጠባል። በጥምቀት ሰሞን ግን ጎንደር ላይ መኪና አትፈልጉ። ዋጋው ጣሪያ ይነካል፤ መኪናውም አይገኝም።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ይጻፍላችሁ። መንገድ ቢዘጋ ብሩ ይመለሳል? ባለንበት ጊዜ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማውም በጠዋቱም ደውላችሁ አጣሩ። ደባርቅ ላይ የሚዋዋል ሰው የሚከፍለው ከደረሰ በኋላ ስለሆነ እዚህ ላይም ይጠቀማል።

ከበቅሎ ጫኞች ጋር ስትነጋገሩ የመመለሻውን ቀን አትርሱ። ጉዟችሁን ጨነቅ ላይ ከጨረሳችሁ እናንተ በመኪና ትወጣላችሁ፤ በቅሎው ግን በእግሩ ነው ደባርቅ የሚገባው። ያ ቀን ይከፈላል፤ ተገቢም ነው። ስንት ቀን እንደሚታሰብ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ካምፕ ላይ ኔትወርክ ስለማይታመን የሁሉንም ሒሳብ፣ ጉርሻውንም ጨምሮ፣ በዝርዝር ጥሬ ብር ከደባርቅ ባንክ አውጥታችሁ ያዙ።