መሳሳት የማያውቅ የዲኤንኤ ሞዴል

ዘረመል ለማስተማር የምጠቀምበት ይህ የፕላስቲክ ሞዴል በሁለት ከረጢት ተከፍሎ የሚመጣ ነው፤ አንዱ የዲኤንኤ፣ ሌላው የክሮሞሶም። ሁለቱን በእኩል ዓይን ማየት አልቻልኩም።

የዲኤንኤው ሥራ ንጹሕ ነው። ከአራቱ የዲኤንኤ ፊደላት አዴኒን ሁለት፣ ጓኒን ሦስት ጥርስ አላቸው፤ የአዴኒን ጥንድ ታይሚንና የጓኒን ጥንድ ሳይቶሲን በዚያው ልክ ተቦርቡረዋል። ጥርሶቹ ለጌጥ የወጡ አይደሉም፤ ቁጥራቸው ጥንዶቹን ከሚያያይዙት የሃይድሮጅን ትስስሮች ቁጥር ጋር እኩል ነው። ተማሪው ሰንሰለቱን ከመሃል ከፍቶ ለየገመዱ አዲስ አቻ ሲገጥምለት፣ ሳይንቲስቶቹ ሜሴልሰንና ስታል እ.ኤ.አ. በ1958 ያረጋገጡትን በእጁ ይሠራዋል፤ እያንዳንዱ ቅጂ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ይሆናል።

ችግሩ ሞዴሉ ከመጠን በላይ ጨዋ መሆኑ ነው። ጓኒንን ከታይሚን ጋር ልግጠም ቢሉት እምቢ ይላል። ሕዋስ ውስጥ ግን ይህ ያልተገባ ጥንድ አልፎ አልፎ ይገጥማል። ፖሊመሬዝ የተባለው ቅጂ ሠሪ ኢንዛይም ከመቶ ሺህ ፊደል አንዱን ያህል ይስታል። አብዛኛውን ስሕተት ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይነቅለዋል፤ ከእሱ ያመለጠውን ሌሎች የጥገና ፕሮቲኖች ይለቅሙታል፤ በመጨረሻ የሚተርፈው ከቢሊዮን ፊደል አንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለማሳየት ከአንድ ጓኒን ላይ አንዱን ጥርስ በምላጭ ቆርጬ ከታይሚን ጋር ገጠምኩት። በሚቀጥለው ቅጂ ጓኒኑ ሳይቶሲንን፣ ታይሚኑ አዴኒንን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ በአንደኛው ዘር ላይ ስሕተት መኖሩን የሚናገር ምንም ምልክት የለም፤ ሁሉም ጥርስ ገጥሟል። ሚውቴሽን ማለት ይኸው ነው። ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለው በሽታም መነሻው የአንድ ፊደል ለውጥ ነው፤ ኦክስጅን የሚሸከመውን የደም ፕሮቲን ክፍል በሚያሠራው በቤታ ግሎቢን በራሂ (ጂን) ላይ አንድ አዴኒን በታይሚን ተተክቷል። ለዚህ ሁሉ ምላጭ ማስፈለጉ የአምራቹ ጥፋት ነው። የገመዱ ሁለት ጫፎችም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ተማሪዎች ሁለቱንም ገመዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ይገጥሟቸዋል፤ በእውነቱ ግን ተቃራኒ ናቸው።

የክሮሞሶሙ ከረጢት ግን ወርቅ ነው። የእናትና የአባት ክሮሞሶሞች በሁለት ቀለም ዶቃ የተሠሩ ሲሆኑ፣ መንትያ ክሮማቲዶች (የአንዱ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች) ወገባቸው ላይ በማግኔት ይጣበቃሉ። ዶቃው ስለሚነቀል ጥንዶቹ ቁራጭ ሲለዋወጡ ማሳየትም ይቻላል። ከማግኔቶቹ አንዱ ግን ከሌሎቹ ይበረታል፤ በሚዮሲስ፣ ማለትም አንድ ሕዋስ በሁለት ዙር ተከፍሎ አራት የዘር ሕዋሳት በሚሆንበት ሂደት፣ ሁለተኛ ዙር ሲጎትቱት ሳይላቀቅ ሁለቱም ክሮማቲዶች ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። ተማሪዎች ሲቆጥሩ ከአራቱ ሕዋሳት ሁለቱ ደኅና፣ አንዱ ትርፍ፣ አንዱ ጎደሎ ይሆንባቸዋል። ትርፍ የያዘው ከጤናማ ሕዋስ ጋር ሲዋሐድ ያ ክሮሞሶም ሦስት ይሆናል፤ ተመራማሪው ሌዤንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ከዳውን ሲንድረም ጋር ያያያዙት ትርፍ 21ኛ ክሮሞሶም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ካለ አለመለያየት ነው። እርግጥ በብዛት የሚከሰተው በእንቁላል ሕዋስ የመጀመሪያ ዙር ላይ ነው፤ እሱንም ጥንዶቹን ሳይለዩ አንድ ላይ በመጎተት ማሳየት ይቻላል።

መመሪያው ስለዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም፤ አራት ጤናማ ሕዋሳት ሥሎ ያበቃል። ከረጢቶቹ ለየብቻ ቢሸጡ የክሮሞሶሙን ብቻ እገዛ ነበር፤ ያንን ብርቱ ማግኔት ግን እንዳያስተካክሉት።